ለምንዋጋው የሚሠራ ባቡር

ምላጩን ጫን ሲያደርገው እትብቱ ተበጠሰና ቁራጯ ከነሐሱ ሉህ ተላቃ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ዝናቡ በወረንጦ አነሣትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጣት። ደረጃ ናት። የባቡሩ ነጂ ወደ ጎጆው ሲወጣ የሚረግጣት ደረጃ፣ ከትንሿ ጣቱ ጥፍር የምታንስ፣ ግን ደረጃ። እትብት የሚለው እሱ ነው፤ ሌላው ሰው ምን እንደሚለው አያውቅም። እያንዳንዱ ቁራጭ ከሉሁ ጋር በቀጭን ጅማት ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ አሲድ ዙሪያውን በልቶ በልቶ ያቺን ብቻ ይተዋል፣ እሷን ስትቆርጥ ነው እንግዲህ ተወለደ የሚባለው። የቀሩት ዐሥራ አንድ ናቸው። ማንበብ አይችልም እንጂ መቁጠር ይችላል፣ ዕድሜውን ጆንያ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ትናንትም ዐሥራ አንድ ነበሩ፤ አይ፣ ትናንት ዐሥራ ሁለት ነበሩ፣ ከትናንት ወዲያም ዐሥራ ሁለት ነበሩ። በብርዱ ወራት በቀን ሃያ ይቆርጥ የነበረ ሰው አሁን በቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ምን ነካህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እሱም ራሱን አይጠይቅም።

ጀምበሯ ናት የቀሰቀሰችኝ ይላል እንጂ መቼ ተኝቶ። በዚህ አገር በሰኔ ጀምበር እንቅልፍ የላትም፤ ማታ እንቢ ብላ ቆይታ ጥቂት ዞር ትልና ሰው ጎኑን ሳያሳርፍ ተመልሳ መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። ሰቆጣ አሁን አንድ ሰዓት ሆኗል። ሰርክአዲስ ግቢዋን ጠርጋ ጨርሳለች። ስልኩ ከጠረጴዛው ጥግ ተደፍቶ ተኝቷል፣ ቢደውል ታነሣለች፣ ሁልጊዜ ታነሣለች፣ ታነሣና "አጎቴ፣ እንዴት አደሩ?" ትላለች፣ ከዚያ ትንፋሽ ሳትወስድ "ሰው አለ አጠገብዎ?" ትላለች። "የለም፣ ብቻዬን ነኝ" ይላታል። "እሺ" ትላለች። ሰርክአዲስ የታላቅ ወንድሙ የምንዋጋው ልጅ ናት። ምንዋጋው ስልክ አይዝም፣ "ኪሴ ውስጥ ሰው ሲጮኽ አልወድም" ይላል፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ በልጁ ቤት ያልፍና በእሷ ስልክ ያወራሉ። ያወሩ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ምንዋጋው የለም። ማለት፣ አለ፤ ብቻ በደወለ ቁጥር የለም። አንድ ቀን አምደወርቅ ገበያ ሄዷል። አንድ ቀን ጸበል ገብቷል። አንድ ቀን ደግሞ ጽጽቃ ወርዷል፣ የበሬ ጉዳይ አለው። ጽጽቃ! ሰባ ዐራት ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱን ከያዘው ዐሥር ዓመት ያለፈው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሁለት ቦታ ዐርፎ የሚደርስ ሰው በሬ ፍለጋ ጽጽቃ ወረደ። "በምን ሄደ?" አላት። "በመኪና።" "መቼ ይመለሳል?" "ሲጨርስ ነዋ፣ አጎቴ።" ሲጨርስ። እሺ። ሲጨርስ ይመለሳል።

ይህ የሚሠራው ትንሽ ባቡር የምንዋጋው ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን የገባ ጊዜ ነው ዝናቡ ባቡር ያየው፣ ጣቢያው ላይ የእርዳታ ማሽላ ሊሸከም ተሰልፎ ሳለ፣ ጥቁር፣ ላብ ያጠመቀው፣ ቆሞ እንኳ የሚተነፍስ ነገር፤ ከጎኑ የተሰለፉት ሲሸሹ እሱ አልሸሸም፣ ደክሞት ነበርና። ደርግ ወድቆ መንገድ ሲከፈት ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ በነጋዴ እጅ ለወንድሙ ላከ፣ ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩምና ደብዳቤ ለምናቸው ነው፤ ካሴቱ ላይ ስለ ባቡሩ አወራ፣ ሌላ የሚያወራው ደስ የሚል ነገር አልነበረውም። ከመንፈቅ በኋላ የምንዋጋው መልስ መጣ፣ ከጎጃም ተመድቦ ሰቆጣ የሚያስተምር አንድ መምህር ቴፑን አውሶት። "ዝናቡ፣ ድምፅህን ሰማሁ፣ አልሞትክም ማለት ነው፣ ተመስገን። ይሄ ባቡር ያልከው ግን አልገባኝም። ውኃ ይጠጣል አልክ፣ እሳት ይበላል አልክ፣ ይጮኻል አልክ። እንስሳ ነው ወይስ ቤት? እኔ ጭስ የሚወጣበትን ሁሉ ቤት ነው የምለው። ማዶ ጭስ ካየሁ ሰው አለ ብዬ ወደዚያ እሄዳለሁ። ያንተኛው ግን ጭሱን ይዞ ይሄዳል። እንግዳ ቢመጣበት በየት በኩል ነው አቤት የሚለው?" ከጀርባው የመምህሩ ሳቅ ይሰማል። ዝናቡ ያን ካሴት ክሩ እስኪበጠስ አዳመጠው። ፎቶ አስነሥቶ ላከለት። ምንዋጋው በፎቶውም አልረካም። "ይሄ ጠፍጣፋ ነው" አለ። "የበሬ ቆዳ ያየ ሰው በሬ አየሁ ይላል? ስትመጣ በእጄ አስነካኝ።" ስትመጣ። እንዲህ ብሎ ያውቃል ምንዋጋው፣ ሳይወቅስ ይወቅሳል።

አልሄደም። ካሳላ ቆርቆሮ ቤት፣ የቆርቆሮ ዕቃ የሚሠራበት፣ ገብቶ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ሲበይድ ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ ሚስት አገባ፣ ሚስቱን እዚያው ቀበረ፣ ልጅ አልነበራቸውም፤ በስተርጅናው የስደተኞች ቢሮ ስሙን ጠርቶ አውሮፕላን ላይ አወጣውና ሰሜን እንግሊዝ አገር፣ ድሮ ባቡር ይሠራባት ነበር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጠው። የአገሩ ሰው በከተማዋ የለም። ሁለት ኤርትራውያን ነበሩ፣ ሥራ አግኝተው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ነው። የቤቶቹ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ደግ ሴት ናት፣ ይህ ሰውዬ ግድግዳ እያየ ሊሞት ነው ብላ ይሆናል፣ አንድ ማክሰኞ እጁን ይዛ ሽማግሌዎች የተበላሸ ነገር የሚጠግኑበት አዳራሽ ወሰደችው። ማክሰኞና ሐሙስ ነው ቀኑ። እዚያ አንድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነሐስ በነሐስ ላይ ሊበይድ እየታገለ ነበር፤ የሚቀልጠው ስታኞ እየተንጠባጠበ ጠረጴዛውን ይነካል እንጂ ነሐሱን አይነካም። ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ መበየጃውን ከሰውዬው እጅ ወሰደና ሠራው። አዳራሹ ዞሮ አየው። ነውር ሠራሁ እንዴ ብሎ ደነገጠ። ሰውዬው ግን ሥራውን ወደ መነጽሩ አስጠግቶ አየና ሳቁን ለቀቀው፣ ወንበር ስቦለት በመዳፉ መታ መታ አደረገለት። ዴሪክ ይባላል። ዝናቡን "ዚ" ይለዋል፣ ከዚያ በላይ ምላሱ አይሄድለትም።

ዴሪክ ነው ሉሁን የሰጠው። በአንድ ስስ የነሐስ ሉህ ላይ ባቡሩ ሙሉው አለ፣ ሆዱ፣ ጎጆው፣ ጭስ ማውጫው፣ ክንዶቹ፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል፤ ማጠፊያው ቦታ ላይ መስመር ተፍቆ ሳስቷል፣ መስመሩን ወደ ውስጥ አድርገህ ታጥፈዋለህ፣ ወደ ውጭ ካጠፍከው ይሰበራል። ምንዋጋው ይኼን ቢያይ፣ አለ ያኔ ዝናቡ በሆዱ፣ ቆዳው ተነሥቶ በሬ ሲሆን ቢያይ። ቤቱ ወስዶ መበየጃውን ሲያግል ግን ጭሱ ገና ወደ ላይ ቀጥ ሳይል ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር እንደምትታረድ ፍየል ጮኸች፣ ሕንፃው ሁሉ ጮኸ፣ ጎረቤቶቹ በሌሊት ልብስ ወጡ፣ ቀይ መኪና መጣ፣ ቆብ የደፉ አራት ሰዎች ደረጃውን ሮጠው ወጡና ጋቢ የለበሰ አንድ ሽማግሌ የጣት ርዝመት ያለው ጭስ ማውጫ በወረንጦ ይዞ ቆሞ አገኙ። እነሱም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ደብዳቤ መጣ፣ ሴትዮዋ አነበበችለት፣ ቤት ውስጥ ጭስ ክልክል ነው። ይህንን ለምንዋጋው በስልክ ሲነግረው "እና ሰው እንዳለህ በምን ይታወቃል?" አለው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ይቆርጣል፣ አዳራሹ ይበይዳል።

ዴሪክ መመሪያውን ያነባል፣ ዝናቡ ይሠራል። እጅ የሌለው ዐይን አለው፣ ዐይን የሌለው እጅ አለው። ዴሪክ ከሚናገረው ዝናቡ ግማሹን ይሰማል፣ የቀረውን ከእጁ ይረዳል። አንድ ሐሙስ ዴሪክ ታሞ ሲቀር ዝናቡ ብቻውን ሠራ፣ ሥዕሉን አይቶ የመጀመሪያውን ጎን በየደ፣ አማረለት፣ ያንኑ አይቶ ሁለተኛውን ደገመ። በማክሰኞው ዴሪክ ሁለቱን ጎኖች ጎን ለጎን አድርጎ አየ፣ አዟዟረ፣ ጭንቅላቱን ያዘ። "ዚ! ሁለቱም ግራ ናቸው! ይሄ ባቡር የራሱን ጅራት እያባረረ ሲዞር ነው የሚውለው!" አዳራሹ በሙሉ መጥቶ አየ። አንደኛው "ተወው፣ ለምክር ቤታችን ይሆናል" አለ፤ ቀልዱ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ሲስቁ ሳቀ። ስታኞውን አቅልጦ አፈረሰው፣ ቀኙን ሠራ። እሑድ ለምንዋጋው ሲነግረው ያኛው "እኛም እንደዚያ ነን" አለ። "እንዴት?" "እኔም ቀረሁ፣ አንተም ቀረህ። አንዳችን እንኳ ወደ ሌላው አልተመለስንም።" ይህን ብሎ ሳቀ፣ ሲስቅ ሳል ያዘው፣ ሳሉ ረዘመ፣ ሰርክአዲስ ስልኩን ተቀበለችው። ሆሳዕና ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማም።

በሰባ ሰባቱ፣ ተከዜ ዳር ናቸው። ውኃው ወርዷል፣ ድንጋዩ ወጥቷል። እናታቸው ቤት ቀርታለች፣ እግሯ አብጦ መሄድ አልቻለችም፣ እናንተ ሂዱ አለች፣ ሁለቱም ወጡ፣ እዚህ ድረስ አብረው መጡ። ምንዋጋው ከትከሻው ስልቻውን አውርዶ ይዘረጋለታል። የተቆላ ሽምብራ ነው፣ ቤት ውስጥ የቀረው እህል እሱ ብቻ ነበር። "እኔ ልመለስ" ይላል፣ በኽምጣና ነው የሚለው፣ ከእናታቸው ጋር በሚያወሩበት ቋንቋ። "እሷ ዘንድ ሰው መቀመጥ አለበት።" ዝናቡ እኔ ልመለስ አንተ ሂድ አላለም። ይህን አላለም። አርባ ዓመት ያንን ያላለውን ቃል ሲል ይኖራል፣ ካሳላ ላይ ይለዋል፣ አውሮፕላኑ ላይ ይለዋል፣ አውቶብስ ሲጠብቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሰዎች ዞር ይላሉ። የዚያን ቀን ያለው "ለክረምት እመጣለሁ" ነው። ወንዙን ተሻግሮ ስልቻውን ፈታ፣ ወንድሙ ግማሹን ነው የሰጠሁህ ብሎት ነበር፣ ሙሉ ነው፤ ምንዋጋው ለመመለሻው አንዲት እፍኝ አላስቀረም። የሦስት ቀን መንገድ በባዶ ሆድ ተመልሶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ዝናቡ ሽምብራውን በላ። ጣፈጠው። እሱ ነው ክፋቱ፣ መጣፈጡ።

የእናታቸውን መርዶ ካሳላ ቆርቆሮ ቤት ሰማ። ማለዳ ነው፣ መበየጃው ከፍሙ ገና መውጣቱ ነው፣ እንግዳው የሚባል የጋዝጊብላ ሰው አራት ሰዎች አስከትሎ በሩ ላይ ቆመ፣ ሰላም አላለም፣ "ዝናቡ፣ የያዝከውን አስቀምጥ" አለ። በአገራቸው ደንቡ ይኸው ነው፤ መርዶ ነጋሪ ሌላ ቃል አያስቀድምም፣ ምክንያቱም ማጭድ እንደያዘ የሰማ ሰው ራሱን ቆርጧል፣ ሕፃን እንዳቀፈ የሰማ ሕፃኑን ጥሏል። የያዝከውን አስቀምጥ ከተባለ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ትርፍ ነው፣ የሟቹ ስም ብቻ ነው የሚቀረው። ዝናቡ መበየጃውን አስቀመጠ፣ አምስቱ ያዙት። በኋላ ነው ያወቀው፣ እንግዳው ሞቷን ከሰማ ሰባት ወሩ ነበር። ዝናቡ ያኔ ከከተማው ውጪ ብቻውን ነበር የሚያድረው፣ ብቻውን ላለ ሰው ደግሞ መርዶ አይነገርም፣ ነውር ነው፣ ከመግደል እኩል ነው። ሰባት ወር ሙሉ እንግዳው ገበያ ላይ ባገኘው ቁጥር ትከሻውን ይዞ "ከአንተ ጋር ሰው አለ?" እያለ ይጠይቀው ነበር። "የለም" ይለዋል እሱ። "እሺ" ይላል እንግዳው፣ ጥቂት ሽንኩርት ይገዛለታል፣ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሰርክአዲስ "ሰው አለ አጠገብዎ?" ስትለው ብቸኝነቱ አሳዝኗት የመሰለው። ልጅ ናት፣ ታዝንልኛለች አለ። ጰራቅሊጦስ ዕለት ነው፣ ከእሷ ጋር ተሰነባብቶ ስልኩን እንደያዘ ተቀምጦ ሳለ፣ ከየትም አይደለም፣ የእንግዳው እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ተሰማው። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ድሮ ስልኩ ላይ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር፣ ሰርክአዲስ ሹሩባዋን ወደኋላ እየወረወረች ነበር የምትስቀው፤ ከፋሲካ ወዲህ ፊቷን አታሳየውም፣ ኔትወርኩ አይችልም ትላለች። ድምፅ የሚችል ኔትወርክ ፊት እንዴት ያቅተዋል? ፀጉሯን ተላጭታ እንደሆነስ? ጥቁር ለብሳ እንደሆነስ? በሬውስ፣ የትኛው በሬ ነው፣ በሬውን ሸጠው የለ እንዴ ዐምና? እጠይቃታለሁ አለ። ደወለ። "ሰው አለ አጠገብዎ?" አለችው፣ አፉ ቀድሞት "የለም፣ ብቻዬን ነኝ" አለ። እሷም "እሺ፣ አባዬ ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎዎታል" አለች፤ እሱም ሰላም በይው አለ። ስልኩን ዘግቶ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ። ደስ አለው፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው። ገባውና። አጠገቡ ሰው እስካልተቀመጠ ድረስ ምንዋጋው ጽጽቃ ነው። በሬ እያየ ነው፣ ጥርሱን እየቆጠረ፣ ዋጋ እያሳነሰ፣ ጉልበቱም አይታመምም። የሚፈለገው ብቻውን መሆን ነው፣ ብቻውን መሆን ደግሞ ያውቅበታል። በማግስቱ የቤቶቹ ጉዳይ ሴትዮዋ ማታ ማታ መጥቶ የሚያጫውትህ ሰው ልፈልግልህ ወይ ስትለው አልፈልግም አለ፣ ጮክ ብሎ ነው ያለው፣ ደነገጠች። ቁራጮቹንም በቀን አንድ ያደረጋቸው ያን ጊዜ ነው። ያለቀ ባቡር ባለቤቱን ይጠራል። ያላለቀ ባቡር ማንንም አይጠይቅም።

ዐሥራ አንድ። ደረጃዋን ክብሪት ቤት ውስጥ አስቀመጣት። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ መሄድ አልፈለገም፣ ሄደ።

ዴሪክ በሩ ላይ እየጠበቀው ነበር፣ ፊቱ የሰረቀ ልጅ ይመስላል። "ዚ፣ እጅህን ዘርጋ።" ዘረጋ። ትንሽ የነሐስ ቁራጭ መዳፉ ላይ ወደቀች፣ ከሉሁ ያልሆነች፣ እንደ ቅንድብ የጎበጠች፣ ፊደል የወጣባት። ዝናቡ ፊደል መሆኑን ያውቃል፣ የትኛው ፊደል እንደሆነ አያውቅም። ትዝ አለው፤ በብርዱ ወራት ዴሪክ የወንድምህ ስም ማን ነው ብሎ አራት ጊዜ አስደግሞት ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አይቶት ነበር፣ ወሬ ነው ብሎ ረሳው። ትልልቆቹ ባቡሮች ስም ነበራቸው፣ ስማቸው ጎናቸው ላይ ይለጠፍ ነበር፣ ዴሪክ ለዚህኛው አሠርቶለታል። የሚንቀጠቀጥ ጣቱን ፊደሎቹ ላይ እያስኬደ አነበበ። "ሚን-ዋ-ጋ።"

"ምንዋጋው" አለ ዝናቡ።

"ምንዋጋው" አለ ዴሪክ። ልክ ነው ያለው። በዚህ አገር ይህን ስም ከእሱ አፍ ሌላ የጠራው የለም፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ግድግዳው እንኳ የሚሰማው ከእሱ ነው፤ አሁን ከሰው አፍ ወጣ፣ ከውጭ መጣ፣ ጆሮው ገባ። ወንበር ያዘ። "ደኅና ነው?" አለው ዴሪክ። "ወንድምህ፣ ደኅና ነው?" በዚህ አገር ሰው ሁሉ ደኅና ነህ ይልና መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። ዴሪክ ቆሞ ይጠብቃል። ደኅና ነው ማለት ይችል ነበር። ጽጽቃ ነው፣ በሬ ሊገዛ ነው ማለት ይችል ነበር።

"አላውቅም" አለ ዝናቡ፣ በእንግሊዝኛ። ያን ያህል እንግሊዝኛ አለው።

ዴሪክ መበየጃውን ሰካ። እስኪግል አብረው ጠበቁ። ባቡሩን ከመደርደሪያው አወረዱት፣ ደረጃ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ግን በስድስት እግሩ የቆመ፣ ሆዱ የሞላ፤ ዴሪክ የስሙን ቁራጭ በወረንጦ ጎኑ ላይ ያዘለት፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዝናቡ በግራ እጁ የዴሪክን አንጓ ጨበጠለትና በቀኙ በየደ። ስታኞው አበራ፣ ሮጠ፣ ከነሐሱ ሥር ገባ፣ ደነዘዘ። ትንሽ ጭስ ወጣ። እዚህ አዳራሽ ጭስ አይከሰስም፣ ቀጥ ብሎ ወጣና ከጣሪያው ሥር ተበተነ። ጭስ ካየሁ ሰው አለ እላለሁ። ምንዋጋው በእሱ ቦታ ቢሆን፣ እናታቸው አጠገብ በባዶ ሆዱ የተቀመጠው ምንዋጋው፣ ዝናቡን ስንት ቀን እንዲህ ጽጽቃ ላይ ያቆየዋል? አልቃሽ የሌለው ሟች አድርጎ፣ ወንድም እያለው፣ ከፋሲካ እስካሁን በሬ ያስጠብቀዋል? ልጅቷስ፣ ጥቁር ለብሳ ሰላም ብሎዎታል እያለች፣ እስከ መቼ?

ወንበሩን ስቦ ከዴሪክ ወንበር ጋር አጋጠመው። "ተቀመጥ" አለው።

"ተቀምጫለሁ እኮ።"

"እዚህ። ቅረብ።" ስልኩን አወጣ። "ስልክ። ወንድሜ። አንተ ተቀመጥ።"

"ምን ላድርግልህ?"

"ምንም። ተቀመጥ ብቻ።"

"ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሌላ ሙያ የለኝም" አለ ዴሪክ፣ ግን አልሳቀም፣ ትከሻውን ከትከሻው አስነካ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ማን እንደነገረው እንጃ።

ደወለ። ጠራ። ጠራ። አታንሺው አለ በሆዱ። አነሣችው።

"አጎቴ፣ እንዴት ዋሉ? ደኅና ነዎት?"

"ደኅና ነኝ፣ ሰርክዬ።"

"ሰው አለ አጠገብዎ?"

ባቡሩ በግራ እጁ ነው። ስሙ ገና ትኩስ ነው፣ መዳፉን ያቃጥለዋል፣ አልለቀቀውም።

"አለ" አለ።

ወዲያ ማዶ ዶሮ ይሰማል። በር ይንኳኳል።

"ማን ነው፣ አጎቴ?"

"ሽማግሌ ነው። ነጭ ነው፤ ግን ሽማግሌ ነው።"

"አማርኛ ይሰማል?"

"አይሰማም። መቀመጥ ግን ያውቃል።"

ስልኩን በእጇ ከደነችው፣ ግን ድምፁ ያልፋል፣ ጎረቤቷን ደግሰውን እየጠራች ነው፣ የደግሰው ሻካራ ድምፅ "ጠይቂው እስቲ፣ እጁን ይይዘዋል ወይ?" ይላል። ዝናቡ ጥያቄውን አልጠበቀም። ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ዴሪክ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያዘው፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ የማይንቀጠቀጠውን ያዘው፣ ወይም አሁን የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

"ይዞኛል፣ በያቸው" አለ።

ትንፋሿ ስልኩ ላይ ተሰማ፣ ረጅም፣ ከፋሲካ ወዲህ ያልወጣ ትንፋሽ።

"አጎቴ፣" አለች፣ "እንግዲያው የያዙትን ያስቀምጡ።"